የሸሸው ሌላ፣ የሚቀጣው ሌላ፦ ስለ አባ ያለው ዋስትና

ለተከበሩ የማሳደጊያ ገንዘብ ማስፈጸሚያ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ወላጅ አባትዎ በሕይወት ካሉ፣ ደኅና ናቸው ወይ? እኔና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እንዴት እንዳለን ግን ከዚህ በታች እዘረዝራለሁና ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያየው የማወጣው፣ ለእርስዎ ብቻ የላክኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። በአማርኛ የምጽፈውም፣ በዕብራይስጥ ጽፌ ካልተነበበልኝ በገዛ ቋንቋዬ ባይነበብልኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። የምኖረው እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት ኪርያት ማታሎን ካለ የካርቶን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጊቫት ሽሙኤል ሄጄ የሕንፃ ደረጃ አጥባለሁ። ሊኖይ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅና ኢታማር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ከአባታቸው ከበላቸው ጋር ከተፋታን አራት ዓመት ሆነን። ፍርድ ቤት በየወሩ መዞኖት፣ ማለትም የልጆቹን ማሳደጊያ፣ እንዲከፍል ፈርዶበት ነበር። ስምንት ወር ከፈለና አቆመ፤ እኔም ወደ እናንተ መጥቼ ቲክ፣ ማለትም መዝገብ፣ አስከፈትሁ።

አንደኛ፣ ምስጋናዬን ላቅርብ። በላቸው አልከፍልም ሲል መንጃ ፈቃዱን አገዳችሁ፣ የባንክ ካርዱን ዘጋችሁ፣ ከአገር እንዳይወጣም ከለከላችሁ። ወረቀቶቹ በፖስታ ሲደርሱኝ፣ አቤት ማማራቸው! ማኅተሙ፣ ቁጥሩ፣ ፊርማው! መንግሥት አለ ለካ ብዬ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኋቸው። በላቸው ግን በታገደው መንጃ ፈቃድ የዘመዱን መኪና እየነዳ በሰፈራችን ያልፍ ነበር። ኢታማር ከመስኮት ሆኖ እጁን ያውለበልብለታል፤ እሱም ክላክስ ያደርግለታል። ለአባትና ለልጅ ይህን የመገናኛ ዘዴ ስለፈጠራችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ከቅጣቶቹ ሁሉ የሠራው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአገር እንዳይወጣ የከለከላችሁት ነው። ይህንንም ቶሎ ደረሳችሁበትና አነሣችሁት። በላቸው ጎንደር ያለች እኅቴ ታማለች፣ ሦስት ሳምንት ጠይቄያት ልመለስ ብሎ አመለከተ። እናንተም ርኅሩኆች ስለሆናችሁ ዋስ ይዘህ ና አላችሁት፤ እሱም አባቱን አባ ያለውን ይዞ መጣ።

አባ ያለውን አያውቋቸውምና ላስተዋውቅዎት። ኤን ጋኒም በሚባለው የከተማችን ሠፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። በአገራቸው ዕድሜያቸውን በሽምግልና ነው የጨረሱት፤ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ስንቱን የደም ጠብ አብርደዋል። እዚህም ከመጡ በኋላ እኔና በላቸው ስንጣላ በመካከላችን የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ስንፋታም የፈረዱት በልጃቸው ላይ ነው። እሳቸው በለመዱት ወግ ዋስ የሚሆን ሰው ከጉባኤው መካከል ተነሥቶ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ቢጠፋ ፈልጌ አመጣዋለሁ ይላል። ቃሉ ይበቃል። ሰውየው የጠፋ እንደሆነ ዋሱ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ፣ ካለበት ድረስ ሄዶ፣ አሳፍሮ ያመጣዋል። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ጎንደር ድረስ ሄደው ማምጣት ይችሉ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም እንጂ፣ ቢጠየቁ ኖሮ እችላለሁ ይሉ ነበር።

የናንተ ወረቀት ግን ስድስት ገጽ ነበር። በዚያ ቀን አስተርጓሚ አልነበረም፤ እኔም ሥራ ላይ ነበርሁ። ስለዚህ ፓኪዳችሁ፣ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ፣ አያቷን ተከትላ የመጣችውን ሊኖይን አንቺ ተርጉሚላቸው አለቻት። ያን ጊዜ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከኋላቸው ደግሞ ሃያ ሰው ቶር፣ ማለትም ተራ፣ ይዞ ይቁነጠነጣል። ሊኖይ ስድስቱን ገጽ ሮጥ ሮጥ እያለች አየችና ሳባ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ አባዬ ይመለሳል ብለህ ታምናለህ ወይ ነው የሚሉህ አለቻቸው። እሳቸውም ልጄ አይደል፣ ይመለሳል እንጂ አሉ። ከዚያ እሷው ባስተማረቻቸው የዕብራይስጥ ፊደል ስማቸውን አሳምረው ፈረሙ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጣት አሻራ የፈረሙት ወረቀት እሱ ነው፤ እየሳቁ ነበር አሉ የወጡት። መዞኖቱ የሚከፈለው ለማን ነው? ለሊኖይ ነው። እንግዲህ ባለመብቷን ራሷን አስተርጓሚ አድርጎ አያቷን ማስፈረም፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ያህል ወጪ መቆጠብ የእናንተ ቢሮ ብቻ የሚችለው ጥበብ ነው።

ሦስተኛ፣ ሦስቱ ሳምንት አሥራ አራት ወር ሆነ። እኅትየው ድና ልጇን ድራለች፤ በላቸውም ሰርጉ ላይ እስክስታ ሲወርድ በፌስቡክ አይተነዋል። እዚያው ጎንደር የሞባይል ሱቅ ከፍቷል። የስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አመጣሁላችሁ። የሱቁን ፎቶ፣ የሠፈሩን ስም፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ጻፍሁላችሁ፤ አረንጓዴ ነው። ሦስቱንም ጊዜ የባለዕዳው አድራሻ አይታወቅም የሚል ወረቀት ከመስኮቱ ሰጣችሁኝ። በትጋት መፈለጋችሁን ከመልሱ አጭርነት ተረድቻለሁ።

አራተኛውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው።

ከአምስት ወር በፊት ባንክ ደብተሬ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ሼቄል ገባ፤ ላኪው የእናንተ ቢሮ ይላል። በሚቀጥለውም ወር ገባ። ያዙት ብዬ እልል አልሁ! ፋብሪካ ውስጥ ለሴቶቹ ሁሉ ተናገርሁ፤ ክቡርነትዎን ስምዎን ሳላውቅ መረቅሁ። ለኢታማር መነጽር ገዛሁለት፤ ሰሌዳው አይታየኝም ካለ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያው ሰሞን አባ ያለው፣ ዓርብ ዓርብ ለልጆቹ ፍራፍሬና ሐላ የሚባለውን የሰንበት ዳቦ ይዘው ይመጡ የነበሩት ሰው፣ ባዶ እጃቸውን መምጣት ጀመሩ። ቀጥሎ መምጣቱንም ተዉት። እኔ ምን አልሁ? አፌ ይቆረጥ፣ ገንዘብ ማግኘቴን ሰምተው ነው፣ ከልጅ ልጅም ቢሆን ይሰሰታል ለካ አልሁ። አንድ ቀን በስልክ ተቆጣኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና ልክ ነሽ ልጄ አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ሊኖይን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ክረምት ነው፤ ቦይለሩን አጥፍተው በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠቡት። ሐኪም ከሚያዝላቸው መድኃኒት ግማሹን ብቻ ነው የሚያወጡት፤ ፍሬውን በቢላ ለሁለት እየከፈሉ ይውጡታል። ጠረጴዛቸው ላይ የእናንተ ፖስታዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የተከፈቱ፣ የኋለኞቹ እንደ ታሸጉ ናቸው። የመጀመሪያውን ጎረቤት አንብቦላቸው ነገሩን ዐውቀውት ነበር፤ ለእኛ ግን ትንፍሽ አላሉም። ሊኖይ እንደ ልማዷ አንዱን አነሣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ባለዕዳው ስላልተመለሰ፣ ከዋሱ ከአቶ ያለው ሒሳብ ለልጆቹ ለሊኖይና ለኢታማር በየወሩ ይቀነሳል ይላል። የራሷን ስም ስታገኝ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው።

የበላነው የሳቸውን መድኃኒት ነው፣ ክቡር ሆይ። የልጄ መነጽር የተገዛው በአንድ ሽማግሌ ሙቅ ውሃ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰሰቱ ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ መስኮታችሁ ላይ ቆምሁ። ፓኪዳዋ ኮምፒውተሯን አየችና በፈገግታ ቲክሽ በሰደር ነው፣ ደኅና ነው፣ ክፍያው በወቅቱ እየገባልሽ ነው አለችኝ። በላቸውንስ ብላት፣ ዋሱ እየከፈለ ስለሆነ ባለዕዳውን መፈለግ አያስፈልግም አለችኝ። ሕጉ እንዲህ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ መስኮቱ ላይ የተነገረኝ ግን ይህ ነው። ሽማግሌውን ልቀቁልኝ ብዬ አለቀስሁ። እሳቸው የሚለቀቁት እኔ ቲኩን ዘግቼ፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም ትቼ ከፈረምሁ ብቻ ነው ተባለ። እስከ ሐሙስ አስቢበት ተባልሁ፤ ከሐሙስ በኋላ የቤት ዕቃቸው ይመዘገባል። ዕቃቸውን አይቼዋለሁና ልንገርዎት፣ መዝጋቢው ብዙ ቀለም አይጨርስም።

እንዲህ ነው የቆምሁት። ብፈርም ልጆቼ እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ከአባታቸው አንዲት ሼቄል አያገኙም፤ የእኔ ደመወዝ ደግሞ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ባልፈርም አባ ያለውን በቁማቸው እበላቸዋለሁ። እሳቸውም እንዳትፈርሚ ብለው ምለው ተገዝተዋል፤ ልጄ የልጆቹን ጉሮሮ ዘግቶ ሄደ፣ እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ከፈረምሽ ደጅሽን አልረግጥም ብለውኛል። ገንዘቡን ከባንክ አውጥቼ ወስጄላቸው ነበር፤ አባርረው መለሱኝ። ሊኖይ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። ገጹን ዘልዬ ነው ያነበብሁት ትላለች። የትምህርት ቤት ሽርሽሯን ትታለች፣ አንሶላዋን ተከናንባ ትውላለች፣ ለማንም ሰው ምንም አላነብም ብላለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አያቴን ሸጥሁት ስትል መስማት ምን እንደሆነ ቢያውቁት ለጠላትዎም አይመኙትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሽማግሌውን ትታችሁ በዚያ አረንጓዴ በር ግቡ። ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ወንበር ይያዝና ለሊኖይ ይንገራት፤ ስድስት ገጽ የሕግ ወረቀት መተርጎም የልጅ ሥራ እንዳልነበረ፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ። እኔ ነግሬያታለሁ፤ እናቷ ስለሆንሁ አላመነችኝም። ከእናንተ ማኅተም ጋር ቢሆን ታምን ይሆናል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአባትዎ ሙቅ ውሃና ሙሉ መድኃኒት፣ ለመሥሪያ ቤትዎ በሰደር የሆኑ ብዙ መዝገቦችን እየተመኘሁ፣ ቅጣታችሁ አንድ ቀን ጥፋተኛውን በስሕተት እንኳ ያገኘው ዘንድ ሳልሰለች እየጸለይሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ትርንጎ
ፔታህ ቲክቫ

ይድረስ በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሐሙስ ደረሰ። ለአባ ያለው ሳልነግር ሄጄ ፈረምሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፓኪዳዋ አመሰገነችኝ። ዛሬ ማታ ለሳቸው እንዴት አድርጌ እንደምናገር አላውቅም። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ግን ከጎንደር ስልክ ተደወለልኝ፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ለልጆቹ አንዲት ቀን ያልደወለው በላቸው ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ አለኝ፤ ቲኩ እንደ ተዘጋ፣ ቅጣቱም ሁሉ እንደ ተነሣለት የሚገልጽ መልእክት ከቢሮዎ አሁን በስልኩ ገባለት። ለፋሲካ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን ያድሳል። ቁጥሩ እናንተ ዘንድ እንዳለ ሳላውቅ ሦስት ጊዜ ይዤላችሁ እየመጣሁ ስላደከምኋችሁ፣ ክቡር ሆይ፣ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።