የዝናብ ነው ያልኩት እንፋሎት

ይድረስ በፖንሴ ከተማ ለምትኖሪው ለታላቅ እህቴ ለኤርሜሊንዳ፤

እንዴት ከርመሻል? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳልሽስ? ባልሽ ሄናሮ ጣሪያውን ጠገነልሽ ወይስ ዘንድሮም ቃል ብቻ ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከቅዳሜ ወዲህ አልረጋ ብሎኛል። ይህንንም የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

በደብዳቤሽ "የእናንተ መንገድ ለምን ይጨሳል? ከተማው ከሥር እየተቃጠለ ነው እንዴ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእንፋሎት ኩባንያው ሠርቼ አንድም ቀን ሳልነግርሽ መቅረቴ አሳፈረኝ። እሳት የለም። ከማንሃተን መንገድ ሥር ፎቆቹን የሚያሞቅ እንፋሎት በወፍራም ቧንቧ ይሄዳል። ዝናብ ሲዘንብ ወይም የውሃ መስመር ሲያፈስ ውሃው የጋለው ቧንቧ ላይ ይወድቅና ተንኖ በመንገዱ ጉድጓድ ክዳን ይወጣል። አብዛኛው እሱ ነው፣ ብዙም አይጎዳም። አንዳንዱ ግን ከራሱ ከቧንቧው የሚያመልጥ ነው፤ እሱ ሥጋን ከአጥንት ይለያል። መለያው ቀላል ነው። የውሃው ከአፉ ጀምሮ ነጭ ነው። የቧንቧው ሲወጣ አይታይም፤ ክንድ ያህል ባዶ መስሎ ሄዶ ነው የሚነጣው።

እንፋሎቱ የሾፌር ዓይን እንዳይጋርድ ብርቱካንማና ነጭ የተቀባ ረጅም ጭስ ማውጫ እናቆምበታለን። ፀጉር አስተካካዩ ዶን አንሴልሞ በር ላይ በኅዳር አንዱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ወጥተው "ልጄ፣ ይሄ ነገር አያፈነዳንም?" ሲሉኝ፣ ወደ ጉድጓዱ በቅጡ እንኳ ሳላይ "የዝናብ ነው፣ አያስቡ" አልኳቸው። ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሰው እንዳይፈራ፣ እኛም ምሳ እንዳያልፈን።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጭስ ማውጫው እንደ ጉድ ይተፋል። ዝናብ ካየን ደግሞ ዘጠኝ ቀናችን ነበር። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ቅዳሜ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ጠዋት ሄድኩ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። መጥረጊያ እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው ዶን አንሴልሞ "እኔ ፀጉርህን ልትቆረጥ መስሎኝ፤ መንገዱን ልትላጭ ነው?" ብለው ሰው አሳቁብኝ። ቀጥሎ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ስማ፣ የዝናብ ነው ብለኸኝ ነበር። ዝናቡ የታለ?" አሉኝ። መጥረጊያውን ተቀብያቸው ወጣሁ።

ሁለት ደንበኞች አግዘውኝ ጭስ ማውጫውን ወደ ጎን አዘነበልነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ክንድ ያህል ምንም አይታይም፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። መጥረጊያውን ባዶው ላይ ብሰድ ጭራው ተኮማትሮ ወጣ። ኤርሜሊንዳዬ፣ አራት ወር ሙሉ ምልክቱን የሸፈንኩት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ ባቆምኩት ጭስ ማውጫ።

"ይዝጉና ሰዎቹን ያስወጡ" አልኳቸው ዶን አንሴልሞን። በሠላሳ አንድ ዓመት ቅዳሜ ዘግተው አያውቁም፤ ዘጉ። አንዱ ደንበኛ ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ እየተራገመ ወጣ። አለቃዬ ሙልቬይ በስልክ "በእረፍት ቀንህ ምን አንቀዠቀዠህ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ስለ ባዶው ስነግረው ሳቁን ዋጠ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መስመሩ ተዘጋ። ሲቆፈር መጋጠሚያው ተሰንጥቆ ተገኘ። ማንም አልተጎዳም። ዶን አንሴልሞ መረቁኝ፣ እኔ ግን ምርቃቱ አልዋጥ አለኝ። "የዝናብ ነው" ያልኩባቸው በሮች ስንት ናቸው? ዛሬ ከሥራ በፊት ሦስቱን ዞሬ አየሁ።

ማታ ከሥራ መጥቼ የአንቺን ደብዳቤዎች መልሼ አነበብኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ሳልሽን "የዝናብ ነው፣ ያልፋል" ትያለሽ። ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኩሽ። የፖንሴ ዝናብ ካቆመ ግን ሦስት ወር ሆነው። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ደግሞ ሳሉን ጨርሶ አላነሳሽውም፤ የልጆቹ ጨዋታና የመንገዳችን ጭስ ብቻ ነው። ጭስ ማውጫ ሲቆም እኔ አውቃለሁ፣ እህቴ። ፈርቻለሁ። እባክሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ።

ሄናሮን ሰላም በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አስነብቢውና እሱው ይዞሽ ይሂድ። ልጆችሽን ኖኤሚንና ትንሹን ኢላሪዮን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽን ዶና ፕሩደንሲያን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው፤ ለዚያ ተሳዳቢ በቀቀናቸውም ሰላምታ አይቅርበት።

መልስ ስትጽፊልኝ ደህና ነኝ አትበይኝ። ሐኪሙ ያለውን ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ኤቫሪስቶ
ኒው ዮርክ፣ ማርች 12 ቀን 1984