ስለ ወደቀው ስምና በመሳቢያዬ ስላሉት ሦስት ደብዳቤዎች

ዛሬ ማክሰኞ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ከተወለድሁ ሰማንያ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ሲሆነኝ፣ ልቤ ደክሞ አእምሮዬ ግን እንደ ወትሮው የሰው ስሕተት ለመልቀም ነቅቶ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል በሦስት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ምስክሮቼም የመጽሔቴን ገጾች ሠላሳ አንድ ዓመት የለቀመው ጡረተኛው ፊደል ለቃሚ፣ ከቤቴ በታች ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነችው ፋርማሲስት፣ እና ይህን የሚጽፈው የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊውን «እንደምናገረው ጻፍ፤ አታሳምርልኝ» ብዬዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ መጻሕፍቴ ሁሉ ለአንዲት ልጄ ይሁኑ። ታናሽ ወንድሜ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት «ለሁለት ቀን» ብሎ የወሰደውን መዝገበ ቃላት ወርሶታል፤ ከዚያ በላይ አይገባውም። አንድም ቀን እንዳልገለጠው አነጋገሩ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ፊደል ለቃሚው «ለእኔስ፣ ጌታዬ?» አለ። ምስክር አይወርስም አልሁት። «እንግዲያው ከምስክርነቱ ይፋቁኝና የጽሕፈት መኪናዋን ይስጡኝ!» አለ። አልተፋቀም። ይህም ይጻፍ።

ቀጥሎ ስለ ልጄ ባል እናገራለሁ፤ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ይህ ሰው ሙያው ሊፍት መጠገን ነው፤ የተከበረ ሥራ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፑን ዘርግቶ ሌላ ሥራ ይለማመዳል። ባለቤቶቻቸው ሳያድሷቸው ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የድረ ገጽ ስሞች እየመረመረ ይገዛል፤ መልሶ አትርፎ ለመሸጥ። ሟች ሳይቀበር በአልጋው የሚዋዋል ሰው በሕይወቴ አይቻለሁ። በስሙ የሚዋዋል ግን በስተርጅናዬ፣ ያውም በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አየሁ።

ጀማሪ ነውና የጀማሪ ሥራ ሠራ። አጭር ስም ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ ትርጉም የለሽ አምስት ፊደል ገዛ፤ ጮክ ብሎ ሲያነበው የሚያስነጥስ ይመስላል። ብዙ ድረ ገጾች በሊንክ ወደ እርሱ ይጠቁማሉ ብሎ ሁለተኛውን ገዛ፤ ቀድሞ ምን ይሸጥበት እንደነበር አልጠየቀምና የሐሰተኛ መድኃኒት ገበያ ሆኖ ተገኘ። የኢንተርኔት መፈለጊያዎቹ ፊታቸውን ካዞሩበት ቆይተዋል። ሦስተኛው የአንድ ጫማ ፋብሪካ ስም ነበር፤ በትርፉ የጠበቃ ደብዳቤ መጣለት።

«አባባ፣ ይሄኛው እኮ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው!» ይለኛል።

«አህያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሞላታል።»

ይስቃል። ቢቆጣ ኖሮ አከብረው ነበር።

ድንቁርና በቤቴ ሲቀመጥ ዝም ማለት ስለማልችል አስተማርሁት። ስሙን በስልክ ለማያውቅህ ሰው ንገረው፤ ሳያስደግምህ ከጻፈው መልካም ነው። ቀድሞ ማን ይኖርበት እንደነበር፣ በኢንተርኔት ተቀምጠው የቀሩትን የድሮ ቅጂዎች ገልጠህ እይ። የጠቋሚዎቹን ብዛት ትተህ ማንነታቸውን መርምር፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት ከሺህ ቀጣፊ ይበልጣል። በመጨረሻም «ይህን በር ማን ያንኳኳል?» በል፤ የሚያንኳኳ ከሌለ የሚገዛም የለም። ይህን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። እኔም ራሴን ታላቅ መምህር አድርጌ ቈጠርሁ።

እንግዲህ ጸሐፊው ቀጣዩን አንድም ቃል ሳያስቀር ይጻፈው።

መጽሔቴ መታተም ባቆመ ጊዜ ልጄ የሠላሳ አንዱን ዓመት እትሞች ገጽ በገጽ ስካን አድርጋ በድረ ገጽ አኖረቻቸው። ሁለት ክረምት ፈጀባት። የድረ ገጹን ስም በየጊዜው የማሳደሱ ኀላፊነት የእኔ ነበር፤ «መጽሔቱ የእኔ፣ ስሙም የእኔ» ብዬ ስለ ተኮፈስሁ። የማሳሰቢያው ደብዳቤ ከስም መዝጋቢው ድርጅት በኢሜይል መጣ። «ውድ ደንበኛችን! ዕድሉ ሳያመልጥዎ ዛሬውኑ ያድሱ!» ይላል። እንዲህ የሚጮህ ጽሑፍ ከአጭበርባሪ እንጂ ከጨዋ ሰው አይመጣም ብዬ፣ እንደ አርታዒነት ልማዴ በወረቀት አሳትሜ፣ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ጩኸት የበዛበት፤ ፍሬ የጎደለው፤ አይታተምም» ብዬ ፈረምሁና ውድቅ ጽሑፎችን ከማኖርበት መሳቢያ ከተትሁት። ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ ጣልሁ። በሦስተኛው ላይ «ይህ ደራሲ አይማርም» የሚል ጨመርሁ።

ፋርማሲስቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ፊደል ለቃሚው ግን «የእኔንም ግጥም እዚያው መሳቢያ ነበር የከተቱት» አለ። ተገቢ ቦታው ነው።

ስሙ ሳይታደስ ጊዜው አልፎ ወደቀ። ድረ ገጹ ጠፋ። ልጄ በጠራራ ፀሐይ እየሮጠች መጣች፤ «አባዬ፣ መጽሔቱ የለም! ስሙ ሳይታደስ ቀረ እንዴ?» ባልዋ ከአጠገቤ ነበር። በዚያው ሳምንት የተጣበቀውን መሳቢያዬን ሲጠግን ሦስቱን ደብዳቤዎች አይቷል። መሳቢያውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያም «እኔ ነኝ። አባባን ላሳርፍ ብዬ ተረክቤ ነበር፤ ረሳሁት» አለ።

«የሰው ሊፍት ሲቆም ትሰማለህ፤ የአባቴ ዕድሜ ልክ ሥራ ሲቆም አልሰማህም!» አለችው።

እኔም ዝም አልሁ። በመልካም ቃል የኖርሁ ሰው፣ አንዲት ቃል ባስፈለገች ቀን ዝም አልሁ።

እርሱ ከዚያ ወዲያ የወደቁ ስሞችን ዝርዝር ከሊፍት ጉድጓድ በወጣ ቁጥር ሲያይ ከረመ። ስሙ ለገበያ በወጣ ዕለት ቀድሞ ያዘው፤ በልጄ ስም አስመዘገበው፤ እትሞቹንም መልሶ አኖራቸው። እርስዋም «የጣልኸውን ብታነሣ ምን ምስጋና አለው?» አለችው። እነሆ ዘጠኝ ወር፣ ስለ ጨውና ስለ ቁልፍ ካልሆነ አታናግረውም።

አንድ ቅዳሜ ከፊቴ ስልኩ ጮኸ፤ የቁማር ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች የሚጠቁሙት ንጹሕ ስም አግኝተናልና ሽጥልን አሉት። ከገዛቸው ስሞች ሁሉ ፈላጊ የመጣለት ይህ ብቻ ነበር።

«አይሸጥም» አለ።

«ለምን? ሥራህ አይደለም እንዴ?» አለ ደዋዩ፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሰው ይኖርበታል» ብሎ ዘጋው። ሻዩንም አስጠጋልኝ። በዚያች ሰዓት የናቅሁት ማንን እንደሆነ ምስክሮቼ አይጠይቁኝ።

ስለዚህ እንዲህ እናዘዛለሁ። መሳቢያው ሦስቱን ደብዳቤዎች እንደያዘ ለልጄ ይሰጥ፤ የእጅ ጽሕፈቴን ታውቃለች። ድረ ገጹ የእርስዋ ሆኖ ስሙን የማሳደሱ ኀላፊነት የባልዋ ይሁን፤ ወንድሜ አጠገቡ አይድረስ። ቀይ እስክሪብቶዬንም የልጄ ባል ይውሰደው። ያንን ትርጉም የለሽ አምስት ፊደል ይሰርዝበት።

ጸሐፊው እስከ ሞቴ አሽጎ ሊያኖረው እጁን ዘረጋ። ከለከልሁት። ያ ሰው የእኔን ቀብር እየጠበቀ ጨውና ቁልፍ ሲያወራ ሊኖር አይገባውም።

«ጌታዬ፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ ከተነበበ ምኑን ኑዛዜ ሆነ?» አለ ፊደል ለቃሚው።

«እርማት ነው» አልሁት።

«በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም እርማት አትመን አናውቅም እኮ።»

«ይህ የመጀመሪያው ነው።»

ቃሉ ተነብቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዡ፦ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ፊደል ለቃሚው (ፊርማ)፤ ፋርማሲስቷ (ፊርማ)፤ ቃሉን የጻፈው ጸሐፊ (ፊርማ)

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በገዛ እጄ አሽጌ፣ በፋርማሲስቷ እጅ ወደ ልጄ ቤት ልኬዋለሁ።