የአባባ የዓሣ መኪና ወለል

ወንድሜ ኢስበን፣

ይህ ወረቀት እስከ ቺሊ ድረስ ያለውን ውቅያኖስ ተሻግሮ አንተን፣ ባለቤትህን ኤልቪራንና ልጃችሁን ካሚላን በሙሉ ጤንነት ያግኛችሁ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? የሳልሞን እርባታው ቅዝቃዜ አሁንም ይጠዘጥዝሃል? የኤልቪራስ ሳል ለቀቃት? ካሚላ የፊት ጥርሷን አበቀለች ወይስ አሁንም ስትስቅ ባዶ ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደረጃ ላይ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷም ጆሮዋም እንደ ድሮው ነው። ስለ ጆሮዋ የምነግርህ ብዙ ስላለኝ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ «ያንን የአባባን መኪና ለብረት ገዢዎች ስጪውና ተገላገይ» ብለኸኝ ነበር። አልሰጠሁትም። በረዶው ሳይቀልጥ ጀምሮ ጎተራው ውስጥ ከሱ ጋር ነው የከረምኩት። እንዳታስቆመኝ ብዬ ደብቄህ ነው፤ አሁን ግን ስላለቀ ልንገርህ።

ፋብሪካው ከገና በኋላ እንደተዘጋ ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት የዓሣ ቆዳ ስገፍፍ ኖሬ፣ አንድ ጠዋት ጓንቴን አስረክቤ ወጣሁ። የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ኦርሁስ ከተማ ሄጄ ሥራ እንድይዝ መከረኝ። እኔ ከሄድኩ እማዬ ብቻዋን መቅረቷ ነው፤ ስለዚህ በአረጋውያን ቤት አንድ ክፍል ተያዘላት። ወስደው አሳዩን። ክፍሉ ንጹሕና ሞቃት ነው፤ መስኮቱ ግን መኪና ማቆሚያ ላይ ነው የሚከፈተው፣ ባሕሩ አይታይም። እማዬ መጋረጃውን ዘግታ ወደ በሩ ሄደች።

በዚያው ሰሞን የወደቡ ዓሣ አከፋፋይ፣ አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ያዞረባቸውን መንደሮች ለሌላ ሰው ሊሰጥ መሆኑን ሰማሁ። ሄጄ ለመንኩት። «እስከ ሜይ አጋማሽ ምርመራ ያለፈ መኪና ይዘሽ ከመጣሽ መንገዱ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ግን እንዳትቀየሚኝ» አለኝ።

ጎረቤታችንን መካኒኩን ጋሽ ቬርነርን ጠርቼ አሳየኋቸው። የኋላውን በር ከፍተው ጎንበስ አሉና «ቢርጊት፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ወንፊት ነው» አሉ። «ችግሩ ወለሉ ብቻ ነው» ብላቸው «ወለል አለው እንዴ?» አሉኝ። እልህ ይዞኝ ወደ ውስጥ ስገባ ቀኝ እግሬ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ኮምፔንሳቶ በስቶ መሬት ረገጠ። እኔ እስከ ጉልበቴ ተሰክቼ እሳቸው በሳቅ ጎተራውን ሞሉት።

ኮምፔንሳቶውን ነቅዬ ሳወጣው ጉዱ ታየ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብርድ እንዳይገባ ብሎ በጥጉ ያለችውን የውሃ መውጫ በጨርቅ ወትፏታል። የቀለጠው በረዶና የጨው ውሃ መሄጃ አጥቶ ከኮምፔንሳቶው ሥር ለዓመታት ተኝቶ ብረቱን ሲበላ ኖሯል።

እማዬ ትንሿን መዶሻ ይዛ መጣች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወለሉን በየጣቱ ርቀት ኳ ኳ ታደርገዋለች። «ይሄ ይጮኻል፣ ደህና ነው። ይሄኛው ታፍኗል፣ ሞቷል፣ ክበቢው» ትላለች። እኔ በጠመኔ እከባለሁ። ሃያ ሰባት ክብ ሆነ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው» ስላት «ቀለሙ ነው የሚያታልልሽ» ትለኛለች፤ በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ጋሽ ቬርነር «እኔ ሬሳ አልበይድም» አሉ። የብየዳ መሣሪያቸውን ግን አዋሱኝ፣ አያያዙንም አንድ ከሰዓት ሙሉ አሳዩኝ። ሲሄዱ «መኪናው ቢቃጠል እንኳ ጎተራውን አትርፊ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥፋት ብቻ ነበር። አዲሱን ላሜራ ቆርጬ ገጥሜ እሳቱን ስነካው አሮጌው ብረት ይቀልጥና ቀዳዳው ይሰፋል፤ እንቁላል የምታክለው ሰሃን አከለች። አንድ ቀን መነጽሩን ወርውሬ መሬት ላይ ተቀመጥኩና «እማዬ፣ ክፍሉ እኮ ሞቃት ነው፣ ትለምጂው ይሆናል» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴ ደነገጥኩ።

አልተቆጣችም። ስበይድ ስታየኝ ነበርና «አንቺ፣ የዓሣ ቆዳ ስትገፍፊ እንዲህ ነው ቢላዋውን የምትጫኚው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት። «ታዲያ ይሄም ቆዳ ነው። ነካ አድርጊና አንሺው። ይቀዝቅዝ። ከዚያ ራቅ ብለሽ ሌላ ቦታ ንኪ። ደግሞ ከበሰበሰው ጋር አትስፊው፤ ጤነኛው ብረት ጋ እስክትደርሺ ቁረጪ» አለች። በዕድሜዋ የብየዳ መሣሪያ ይዛ የማታውቅ ሴት።

ተነሣሁ። ቆረጥኩ። ነካሁ፣ አነሣሁ፣ ጠበቅኩ፣ ራቅ ብዬ ነካሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቁራጭ ላሜራ ዳር እስከ ዳር ተያዘች። እማዬ በመዶሻዋ መታቻት። ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ፤ ሃያ ሰባቱንም ክብ አንድ በአንድ ዘጋኋቸው።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹ መጡ። ዝገቱን ፍቄ አንቲረስት ቀባሁ፣ በየስንጥቁም እንደ ጎማ የሚደርቀውን ጥቁር ማጣበቂያ በጣቴ ጠቀጠቅኩ። ከዚያ መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጥተን በክሪክ ከፍ አደረግነውና እኔ ውስጥ ገብቼ እማዬ በሩን ዘጋችብኝ። ጨለማው ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ወለሉን ሳይ ብርሃን የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሆና በየቦታው ትገባለች። አንድ በአንድ ምልክት አድርጌ ደፈንኳቸው። በማግስቱ ሦስት ቀሩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ከውጭ «ምን ይታይሻል?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። «በደንብ እዪ» አለች። ምንም። ኢስበን፣ እንደዚያ ጨለማ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው የውሃ መውጫውን በአዲስ ቱቦ ሠርቼ፣ ቀለሙን ደርቤ ቀብቼ የጨረስኩት።

ሰኞ ለምርመራ ስንሄድ እማዬ እኔም ካልሄድኩ አለች። ጋሽ ቬርነርም «መንገድ ላይ ስትቀሩ የሚጎትታችሁ ያስፈልጋል» ብለው ገመድ ይዘው ከኋላ ተከተሉን። መርማሪው ከሥር ገብቶ በመዶሻው ይመታል፤ እማዬ እጇን አጣምራ ታዳምጣለች። ሊወጣ ሲል «ልጄ፣ የግራው የኋላ ጥግ ቀርቶሃል» አለችው። ጋሽ ቬርነር «ኧረ ዝም አሰኚያቸው፣ በገዛ አፋቸው ሊያስጥሉሽ ነው» ብለው ሹክ አሉኝ። ሰውየው ተመልሶ መታው። እንደ ደወል ጮኸ።

«ማን ነው የበየደው?» ብሎ ወደ ጋሽ ቬርነር ዞረ፤ ቱታ የለበሱት እሳቸው ናቸዋ። ጋሽ ቬርነር ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ለብረት ገዢ የፈረድኩበት መኪና ነው። የበየደችው እሷ ናት፤ ያዳመጡላት ደግሞ እናቷ ናቸው» አሉ። መርማሪው ማለፉን ፈርሞ ወረቀቱን ለእማዬ ሰጣት፤ ለእኔ አይደለም።

ረቡዕ የምግብ ቁጥጥር ሠራተኛዋ መጣች። ከመኪናው ሥር ጋዜጣ አነጠፍኩና ወለሉ ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ውሃው ሁሉ በቱቦው ወጣ። ጋዜጣውን አንሥታ በሁለቱም በኩል አየችና «እንኪ፣ ገና ይነበባል» ብላ መለሰችልኝ። እማዬ ወዲያው ስልኩን አንሥታ አረጋውያን ቤት ደወለች፤ «ክፍሉን ባሕር ለማይወድ ሰው ስጡት» ብላ ዘጋችው።

አከፋፋዩም መንገዱን ሰጠኝና ከትናንት በስቲያ አርብ ዓሣ ጭነን ወጣን። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ በየመንደሩ መስኮቱን ታወርዳለች፤ «ለሷ ትንንሹን እንዳትሰጫት፣ ብዙ ቤተሰብ አላት» እያለች ታዘኛለች። የአባባ እኩያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የዓሣ ሣጥኖቹን ሳይሆን ወለሉን ረግጠው ረግጠው አዩና «አሁንስ ሰው ይደንስበታል» አሉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ በረዶው ብቻ ቀረን። ስንመለስ መንገዱ ውሃ ነበር፣ እግሬን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ ዘርግታ «አባትሽ ጎበዝ ዓሣ ሻጭ ነበር፤ ወለል ግን አያውቅም» አለች።

ኤልቪራን ሰላም በልልኝ፤ ለሳሏ ማር በሙቅ ወተት ትጠጣ። ካሚላን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጋሽ ቬርነር ሰላም ይሉሃል፣ ገመዳቸውን ሳይፈቱት ወደ ቤት እንደመለሱት ንገሪው ብለዋል። እማዬ ደግሞ አጠገቤ ሆና አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ ትላለች፦ ለመምጣት ካሰብክ ሐሙስ ና፤ አርብ አርብ ቤት የለንም።

እህትህ ቢርጊት
ቶርስሚነ፣ እሑድ ሜይ 16 ቀን 2004