አንድም ልጅ ያልወደቀበት ሒሳብ

ለክቡር አቶ ዓብዲፈታሕ
የትምህርት ቤቶች ሪፖርት መመሪያ አሻሻይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐርጌሳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ ከምሳ በኋላ ባለው ያማረ ዕረፍትዎ ላይ፣ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎት እመኛለሁ፤ ከምሳ በፊት ቢሮዎ እንደማይገኙ ደጋግሜ መጥቼ አረጋግጫለሁና። እኔ ኡምሰልማ እባላለሁ፤ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ሳምቡሳ እየጠበስኩ የምሸጥ፣ ልጄን ሳሚያን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የማስተምር ኢትዮጵያዊት ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ሶማሊኛዬ ለመሸጥ እንጂ ለመናደድ አይበቃም። ጎረቤቴ ሙጂብ ባለሱቁ ይተረጉመዋል፤ ትሕትናዬን እንዳሻው ቢያደርገውም ንዴቴን እንዳያለዝብ አደራ ብዬዋለሁ።

አንደኛው ጉዳይ ምስጋና ነው። በቀድሞው መመሪያ መሠረት በየመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ሪፖርት የትኛው አስተማሪ እንደሚቀር፣ የትኛው ክፍል መጽሐፍ እንደሌለው፣ በየትኛው ትምህርት ስንት ልጅ እንደወደቀ ሁሉንም ይዘረዝር ነበር። እኛ ወላጆች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሩ ሥር ተሰብስበን ሙጂብ እያነበበ ሲተረጉምልን ደማችን ይፈላ ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ጭንቀታችንን ተመልክተው ሪፖርቱን ወደ ሁለት ጥያቄ አሳጠሩልን፤ በአስተማሪው ላይ ቅሬታ ቀርቧል ወይ፣ የወደቀ ተማሪስ አለ ወይ። የደም ግፊት ያለባት ጎረቤቴ ቢልቂስ በተለይ አመስግኚልኝ ብላለች።

ሁለተኛ፣ የዘንድሮው ሪፖርት ሲለጠፍ ስለ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ቅሬታ የለም፣ የወደቀም የለም ይል ነበር። በሌላው ትምህርት ሁሉ የወደቀ ሞልቷል፤ በሒሳብ ግን አንድም ልጅ! እንዲህ ያለ አስተማሪ በዝምታ አይታለፍም ተባባልን። በእኛ ዘንድ ልጅ ያስተማረ ሰው በባዶ እጅ አይመሰገንምና ተዋጥተን ጥሩ ሽርጥና ሽቶ ገዛን፣ እኔ ሳምቡሳ ጠበስኩ፣ ቢልቂስ ሐልዋ ያዘች፣ ዱዓ የሚያደርጉልን ሼኽ ከፊት አስቀድመን ሄድን። ልጆቹ መንገድ ላይ የሒሳብ አስተማሪ የለንም እያሉ ቀሚሳችንን ቢጎትቱም ከጥናት መሸሻ መስሎን ዝም በሉ አልናቸው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እያለ የልጅ ወሬ ማን ይሰማል?

ርእሰ መምህሩ አቶ ሂርሲ ወንበር አስመጥተው በጨዋ ደንብ ተቀበሉን። ሼኹ ለአስተማሪው ረጅም ዕድሜና ብዙ ልጆች ለምነው፣ እኛም አሚን ብለን ስናበቃ፣ ተመስጋኙ ይጠራልን አልን። አቶ ሂርሲ መሬት መሬቱን እያዩ፣ የሒሳቡ አስተማሪ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን በርበራ ወደብ የተሻለ ሥራ አግኝቶ እንደሄደ፣ ምትክ ቢጠይቁም እንዳልተላከላቸው፣ በሌለ ሰው ላይ ቅሬታ የሚያቀርብ ስለሌለና ፈተናም ስላልተሰጠ የወደቀ ልጅ አለመኖሩን፣ አስተማሪ የለንም ብለው የሚጽፉበት ቦታም በአዲሱ መመሪያ እንደቀረ ነገሩን። ሰውዬው አልዋሹም፤ ክቡርነትዎ የጠየቋቸውን ብቻ መለሱ። ሐልዋውን ግን አፍረው አልነካም ስላሉ ልጆቹ ተሻሙበት፤ ዘንድሮ ከሒሳብ ያገኙት እሱን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ጉዳይ በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሚያ የስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ትወስዳለች፤ ሒሳብ ከጣላት ሁለተኛ ደረጃ አትገባም። ልጄ ፋርማሲ መሥራት ነው የምትመኘው፤ የመድኃኒት ካርቶን ባገኘች ቁጥር ቁጭ ብላ ታነባለች። እኔ እዚህ አገር ስገባ የጀመርኩት የሰው ቤት በማጠብ ነው፤ ሥራው ነውር የለበትም፣ ግን ወገቤን በልቶታል፣ ለእሷ አልመኘውም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ንዴቴም የመጣው ከዚሁ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴዎ በሚቀጥለው ሰፊ ስብሰባው፣ ሻይና ብስኩቱ ከቀረበ በኋላ፣ በሪፖርቱ ላይ አንዲት ሦስተኛ ጥያቄ እንዲጨምርልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ አስተማሪ አለ ወይ የምትል። መልሱ የለም ከሆነ ደግሞ ጥያቄዋን ከመሰረዝ አስተማሪ መላኩ ምናልባት ይቀል እንደሆነ በትሕትና አሳስባለሁ።

መመሪያ ለማሳጠር ያሳዩትን ትጋት አላህ ወደ አስተማሪ ፍለጋ እንዲያዞርልን፣ ወንበርዎንም እንደ እኛ ክፍል ባዶ እንዳያደርግብን እየለመንኩ፣ መልስዎን በር በሩን እያየሁ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ
ኡምሰልማ፣ የሳሚያ እናት
ጅግጅጋ ያር

ማስታወሻ፦ አስተማሪ ከጠፋ አይጨነቁ፣ መላ አግኝተናል። ሳሚያ በፈተናው ቀን ስሟን ብቻ ጽፋ የሒሳቡን ወረቀት ባዶውን ትመልሳለች። አንድም የተሳሳተ መልስ ስለማይገኝበት በኮሚቴዎ አቆጣጠር መቶ ከመቶ ነውና፣ የማለፊያ ሰርተፍኬቷን ከወዲሁ ቢፈርሙልን።