ከጎርፉ ያወጣሁት ቅዱስ

ኦገስት 2

ዝናብ። ዛሬም ዝናብ። ልብስ አይደርቅም፣ ብስኩት ቶሎ ይለሰልሳል። ቤት ተዘግቼ ከሩዝ ጆንያ የገበያ ቦርሳ ሰፋሁ። እጀታውን ከባሌ ከዴልፊን አሮጌ ቀበቶ ቆርጬ አደረግሁለት። አላስፈቀድኩትም… ሱሪው ሲወርድበት ያውቃል።

አወቀም። "ሉሚ፣ አንቺ ቤት የሚጣል ነገር የለም። እኔስ ሳረጅ ምን ልታደርጊኝ ነው?"

"ትራስ።"

ሆዱን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። እውነቱን ነው ግን። የተጣለ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የአዝራር ስባሪ… ሁሉም ሌላ ነገር መሆን የሚፈልግ ይመስለኛል።

ኦገስት 6

ወንዙ ሞልቶ ወጣ። ዶሮዎቹ አልጋ ላይ፣ ዱቄቱ ቁምሳጥን ላይ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ።

ኦገስት 9

ውሃው ሸሸ። የቀረው ጭቃ ነው። ጠዋት ግቢውን ስዝቅ አካፋዬ እንጨት ነካ። ማገዶ መሰለኝ። ገለበጥኩት…

ፊት አየሁ።

የብስኩት ማተሚያ! ጠንካራ እንጨት፣ እንደ መጽሐፍ ወፍራም። ቅዱስ ኒኮላስ ቆሞ፣ በእጁ ሳህን ይዞ፣ ሳህኑ ላይ ወፍ፣ ዙሪያውን አበባ። ከእግሩ ስር ጅራታቸውን ያገናኙ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም። የወፏ ላባ እንኳ ይቆጠራል።

ዓሣዎቹ የአንድ ቤት ምልክት ናቸው። እዚህ ማተሚያ ያለው ቤት ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። የኛ ቤት ምልክት ኖሮት አያውቅም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎረቤት ተውሳ ነው የጋገረችው። በዓል በመጣ ቁጥር ትሕትና አብዝታ፣ ፈገግ ብላ፣ ሰው በር ላይ ቆማ…

ነገ ጸሎት ቤቱ አጥር ላይ እሰቅለዋለሁ። ዛሬ ብቻ ልየው።

ኦገስት 10

አጥሩ ሞልቷል። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ጎርፍ ግቢህ ያመጣውን፣ ያንተ ካልሆነ፣ እዚያ ታንጠለጥላለህ። ባለቤቱ መጥቶ ይወስዳል። ከየት መጣ፣ ማን አገኘው የሚል የለም። ድስት፣ አንድ እግር ጫማ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሠርግ ፎቶ።

እኔ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። ለምን? ረስቼው አይደለም።

አውሪያ እዚያ ነበረች፤ ከድልድዩ ማዶ ያለችው። በአንድ ክፍል ነው የተማርነው። ሰው ሁሉ ጋ እየዞረች ትጠይቃለች። "ማተሚያ አይታችኋል? ሁለት ዓሣ ያለበት?" እኔ ጋ ደረሰች።

"ሉሚዬ፣ አንቺ እንኳ አላየሽም?"

"አላየሁም።"

አፌ ቀደመኝ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ መዋሸት?

ኦገስት 13

ዴልፊን በሌለበት ማተሚያውን ተጠቀምኩበት። ጭቃው ሲደርቅ በቀርከሃ ስንጥር ፈለቀቅሁት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት። ውሃ አላስነካሁትም፤ ውሃ ያሳብጠዋል። ከዚያ የኮኮናት ዘይት ቀባሁት፣ እንጨቱ እስኪጠግብ።

አስኳል፣ የኮኮናት ወተት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የሥራ ሥር ዱቄት። ሊጡን ማተሚያው ላይ ተጫንኩ። ገልብጬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ኳ! አደረግሁት። ቅዱሱ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ እጄ ላይ ወደቀ። አለቀስኩ፣ ሞኝ ነኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነው?

ከምድጃ ሲወጣ ሽታው ቤቱን ሞላው። እና… ለማን ልስጥ? ሁሉም ላይ ሁለት ዓሣ አለ። ሳህን ይዤ እስከ አጥሬ ሄጄ ተመለስኩ። ጋግሬ ለጎረቤት ሳልሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም በላሁ። ሆዴን እስካሁን ያመኛል።

ማተሚያው ሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ኦገስት 17

የአውሪያ አባት ታመዋል አሉ። የሩዝ ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩ። ምነው ሳልሄድ በቀረሁ።

አባባ ሲምፕሊሲዮ ከጎርፉ ወዲህ እህል አይቀምሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አውሪያ በር ላይ በሹክሹክታ፣ "ያንን ማተሚያ እኮ ራሱ ነው የቀረጸው። ለእማዬ፣ ሊያገባት ሲል። እሷ ከሞተች ወዲህ በየበዓሉ ከሱ የወጣውን ብስኩት ይዞ ያዋራታል። አሁን 'እናትሽን ውሃ ወሰዳት' ይለኛል።"

እኔ መሆኔን ሲሰሙ ዞሩ። እጄን ያዙ።

"ሉሚ፣ ያንቺ ዓይን ሰው ያላየውን ያያል። እስቲ ከጭቃው ውስጥ ፈልጊልኝ፣ ልጄ።"

"እሺ አባባ።"

እሺ አልኩ። እሺ!

ኦገስት 18

ሾርባውንም አልቀመሱትም።

ኦገስት 21

ዴልፊን ሩዝ ሊቀዳ ቆርቆሮውን ከፈተ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር። መጣና ፊቴ ቆመ፣ እንጨቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ።

"ይሄ ከሩዝ ጋር ይቀቀላል?"

"አገኘሁት።"

"ይታየኛል። ቦታው ግን አጥሩ ላይ አልነበረም?"

"ነበር።"

እንጨቱን እጄ ላይ አኑሮ ገባ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ኦገስት 22

ሳይነጋጋ ሄጄ ሰቀልኩት። ማንም አላየኝም። ወደ ቤት ስመለስ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። አለቀ ብዬ…

ምኑ አለቀ!

ለቅዳሴ ስንሄድ ጩኸት ሰማን። አውሪያ አጥሩ ስር። "ደረቅ ነው! ዘይት ዘይት ይላል! ጭቃ የሚባል አልነካውም!" ሁለት ሳምንት ውሃ ውስጥ የነበረ እንጨት እንደ ሙሽራ ተቀባብቶ… እንዴት አላሰብኩትም? ቢያንስ ጭቃ ብለቀልቀው ምን ነበረበት?

"ቅዱሱ ራሱ ነው ያመጣው!" አለች አንዷ ከኋላ። ከዚያ ሁሉም አለ።

አውሪያ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከች፣ በቅዳሴ ቀሚሷ። ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እላይዋ ላይ ያዝኩላት። ስታማትብ እኔም አማተብኩ።

አማተብኩ።

ኦገስት 24

አውሪያ አስጠራችኝ። "ያንቺ እጅ ነው የሚያምር፤ አብረን እንጋግር።" ሄድኩ። ሊጡ ላይ ያለቀስኩት በደስታ መሰላት፤ አቀፈችኝ።

አባባ ሲምፕሊሲዮ ትኩሱን ብስኩት ደረታቸው ላይ አደረጉት። አዋሩት። ከዚያ ከእግሩ ጀምረው በሉት፣ እንደ ደንቡ ፊቱን ለመጨረሻ ትተው። ሌላ አምጡ አሉ።

ለዴልፊን፣ "ልናገር?" አልኩት።

"ሽማግሌው በላ አይደል?" አለ። "ተዪው። ማን ተጎዳ?"

ማን ተጎዳ… ታዲያ እንቅልፌ የት ሄደ?

ኦገስት 29

የአውሪያ በር ላይ ሰልፍ አለ። ከታችኛው መንደር ሳይቀር ይመጣሉ። ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልለው ይወስዳሉ፣ ማተሚያውን በግንባራቸው ይነካሉ። እኔ ሊጥ አቡኪ ሆኛለሁ። "የተባረከ እጅ" ይሉኛል ሴቶቹ።

ቄሱ መጡ። ማተሚያውን አንስተው አሸተቱት። "የኮኮናት ዘይት" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን። ዓይኔን ሊጡ ላይ ተከልኩ።

ሴፕቴምበር 1

ኔሊያ ሰልፉ ላይ ነበረች፤ ዓሣ ነጋዴዋ። ልጇን አቅፋ። ትንሿ ሚርና አንገቷ ዝሏል።

"ምን ሆነች?"

"ትኩሳት ነው። ሰነበተባት።"

"ክሊኒክስ?"

"ለአባባ ሲምፕሊሲዮ የደረሰ ቅዱስ ለልጄ አይደርስም ብለሽ ነው?" ፍርፋሪውን በውሃ አድርጋ በማንኪያ አጠጣቻት።

የልጅቷ ክንድ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። ትንኝ የሚያመጣው የደንጊ ትኩሳት… የእህቴ ልጅም እንዲያ ነበር የጀመረው። "ክሊኒክ ውሰጃት" አልኩ ደግሜ። አልሰማችኝም። እኔም ወደ ቤቴ መጣሁ።

ወደ ቤቴ መጣሁ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሴፕቴምበር 2

ተናገርኩ።

ጠዋት ኔሊያ እንደገና መጣች። ሚርና ዓይኗን አትገልጥም፤ ድዷ ደምቷል። ሊጡን ጥዬ ወጣሁ። እጄ ዱቄት እንደሆነ።

"ኔሊያ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ተአምር የለም። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እኔ ግቢ ነው የተገኘው። የጠረግሁት እኔ፣ ዘይት የቀባሁት እኔ፣ ሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅሁት እኔ።"

አንዲት ሴትዮ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። "ሉሚ ደግሞ!"

"በልጅሽ ሞት… አይ፣ በእናቴ መቃብር!" ብዬ ጮህኩ። "ቀልድ አይደለም! ዴልፊንን ጠይቁት!"

ዴልፊን የሚሠራበትን ባጃጅ አስነስቶ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። አንገቱን ነቀነቀ፣ አዎ ብሎ። ያኔ ኔሊያ ልጇን ይዛ ወደ ባጃጁ ሮጠች። ባጃጁ ጭቃ እየረጨ ሄደ።

ዞር ስል አውሪያ ደጃፉ ላይ ናት፣ ብስኩት የሞላ ትሪ ይዛ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ትመታኛለች ብዬ።

"ተንበርክኬ ነበር" አለች። "ጃንጥላ ይዘሽልኝ ነበር።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ።

ሴፕቴምበር 3

ሚርና ሐኪም ቤት ተኝታለች። ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሐኪሙ ኔሊያን ተቆጥቷታል፤ አንድ ቀን ብትዘገዪ አላት አሉ። ቁጣው ለኔ ነበር የሚገባው።

ሴፕቴምበር 5

ልጅቷ ዳቦ ጠየቀች! ተመስገን።

ገበያ ሄድኩ። አትክልት ሻጯ ለጎረቤቷ ጮክ ብላ፣ "ኧረ ሚዛንሽን ያዢ፣ ሉሚ መጣች። በኋላ ጎርፍ ነው ያመጣልኝ ትልሻለች!" ሁሉም ሳቀ። እኔ ቲማቲም መረጥኩ።

ሴፕቴምበር 6

ይቅርታ ልጠይቅ አውሪያ ቤት ሄድኩ። ውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ጠበቅሁ… አልተከፈተም። እንደ እናቴ ሰው በር ላይ ቆምኩ። እናቴ ግን ተውሳ ትመልስ ነበር። እኔ ነኝ ያሳፈርኳት።

ሴፕቴምበር 10

የቅዱሱ በዓል። አውሪያ ለመንደሩ ሁሉ ብስኩት ላከች። የወንድሟ ሚስት ሳህን እየያዘች ቤት ለቤት ትዞራለች። ደጃፌን ጠርጌ ነበር። ባዶ ሳህን አጥቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ መቀበያ።

ከግራችን ያለው ቤት ገባች። ወጣች። አጥሬን አለፈች። ከቀኛችን ያለው ቤት ገባች።

"ረስታው ይሆናል" አለ ዴልፊን።

አልረሳችም። ሳህኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ይገባኛል። ቢገባኝም ያማል።

ሴፕቴምበር 27

ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አልሠራሁም። መርፌ አልያዝኩም። ዴልፊን መንገድ ላይ ያገኘውን ቆንጆ ጠርሙስ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። "ለአበባ ይሆናል" አለ። "የማን ነው?" አልኩት። ምስኪን፣ ደነገጠ።

ኦክቶበር 12

ከሰዓት ልብስ ሳጥብ አጥሩ ተንኳኳ። አውሪያ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ።

"ግቢ" አልኩ። እጄን በቀሚሴ አደረቅሁ።

ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ማተሚያው ተሰንጥቋል፣ ከቅዱሱ ትከሻ እስከ ወፏ። ለበዓሉ ከልክ በላይ ነው የተመታው።

"አባዬ ነው የላከኝ" አለች። "የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል። 'ሉሚ ትሥራው፣ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው' አለ። ነግሬዋለሁ ያደረግሽውን። ሁሉንም። ያም ሆኖ አለ።"

"አንቺስ?"

"እኔ መልእክተኛ ነኝ።"

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዓይኗ ከእጄ አልተነሣም። ሻይ አልቀበል አለች። ስንጥቁን በስንጥር አጸዳሁ፣ ኮላ በቀጭኑ አስገባሁ፣ በብስክሌት ካላማዳሪ ላስቲክ አጥብቄ አሰርኩት። የተረፈውን ኮላ በጨርቅ ጠረግሁ።

"አውሪያ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ፣ ዓይኔን ከሥራዬ ሳላነሣ። "አንቺንም አባትሽንም በድያለሁ።"

ወደ ማተሚያው ጎንበስ አለች።

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ። ግን እስከ ነገ መፈታት የለበትም። ቢነቃነቅም ይከፈታል።"

"እስከ ነገ?"

"ከፈለግሽ… ቀስ ብለን አብረን እናድርሰው። ዴልፊን ባጃጁን በዝግታ ይነዳል።"

ማተሚያውን አየችው። የሩዝ ቆርቆሮውን አየችው፣ ጥግ ላይ ያለውን። እኔን አየችኝ። ብዙ ጊዜ እኔን አየችኝ።

ከዚያ ተነሣች። ባዶውን ጨርቅ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

"ጠዋት እመጣለሁ" አለች።

ባዶ እጇን ወጣች። ድልድዩን እስክትሻገር አየኋት፤ ዞር አላለችም።

ማተሚያውን ከነእስሩ፣ ሳላነቃንቀው፣ መስኮቱ ላይ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደ መንገዱ። መጋረጃውንም አውልቄ አነሣሁት። የሚያልፍ ሁሉ ይየው።