«እሱ» የተባለችው ልዕልት

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ዛሬ ቪዲዮ ቤት ያየሁት ሁሉ አንገሸገሸኝ። ከቪዲዮ ጌም የተሠራ አጫጭር ካርቱን ነበር፤ ያቺው ልዕልት በየክፍሉ ትሰረቃለች፣ ያው ባለ ሰይፍ በየክፍሉ ያድናታል። ሲያስጠላ!

እንግሊዝኛውን በአማርኛ የሚተረጉምልን ታላቅ ወንድሜ ኦጁሉ ነው። የእኛ አኙዋክኛ «እሱ»ና «እሷ» ብሎ አይለይም። ስለዚህ ስለ ልዕልቲቱ «እሱ ታስሯል፤ በግድ ሊያገቡት ነው» አለ። አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ደገኞች ተመልካቾች በሳቅ ፈረሱ።

አንዱማ «ልዕልቱ ጢሙን ተላጭቷል?» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ኦጁሉ ግን ድምፁን ሳይቀይር እስከ መጨረሻው ተረጎመ።

ቤት ሲገባ «አንቺም መጥተሽ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ የለሁበትም» አልኩት።

ቪዲዮ ቤቱ ጨለማ ስለነበር አላየኝም። ሳቄን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀዋል።