በመድረክ ላገባሁት ባል ስለተጠየቅሁት የፍቺ ወረቀት

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፤ ጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ.

በቅድሚያ ጤናችሁ እንደ ጥያቄያችሁ የማያልቅ፣ ዕድሜያችሁም የእኔን ሠርግ ለማየት የሚበቃ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሔርሞን፣ በመዘምራኑ መሐል ያደግሁ ልጃችሁ፣ ከሲራክ ጋር የምጋባው የፊታችን ቅዳሜ ነበር። እንደ ደንባችን ጋብቻችን ለምዕመናን ተነግሮ ተቃውሞ ያለው ያሳውቅ በተባለ ጊዜ ግን፣ የዌስተርቪሏ እትዬ ስመኝ "ይቺ ልጅ እኮ ባል አላት፤ ፌስቡክ ላይ በላይቭ ስታገባ አይቻታለሁ" ብለው ስላመለከቱ ሠርጌን አግዳችኋል። ለትጋታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

እትዬ ስመኝ ያዩት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተደረሰ የፈረንሳይ ኮሚክ ኦፔራ ነው፤ እየተዘፈነ መሐል መሐሉን እንደ ቴአትር የሚወራበት፣ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ሠርግ የሆነ የሳቅ ጨዋታ። በጨዋታው እኔ የባለወፍጮውን ልጅ ሆኜ እዘፍናለሁ። መዝሙር ትታ ዘፈነች ብላችሁ ከሳችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ እውነት ነውና አንገቴን እደፋ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ በኮቪድ ምክንያት መቀራረብ ስለተከለከለ ቀለበቱ የደረሰኝ በረጅም ዱላ ጫፍ ተንጠልጥሎ ነው። በዱላ የተላከ ቀለበት ጋብቻ እንደሚያጸና እስከ ዛሬ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያጋባን ቄስም ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ጫማ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ማስኩን እንኳ አላወለቀም።

ሁለተኛ፣ ከመካከላችሁ ጋሼ ዘገዬ ከፈረንሳይኛ የሚያውቋትን አንዲት ቃል፣ "ዊ" (አዎ) ማለቴን፣ በማስረጃነት ስላቀረቡ ዕውቀታቸውን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ፍቺ አምጪ ስላላችሁኝ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ሰምታኝ ስትጨርስ ውሃ ሰጠችኝ። "ባሌ" የተባለውም ሰው ባሌ እንዳልሆነ ጽፎ ሰጠኝ፤ እውነተኛ ሚስቱም ፈረመችበት። እናንተ ማኅተም የለውም ብላችሁ መለሳችሁት። በጥንቃቄያችሁ ብኮራም፣ ከዚህ በኋላ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

እስከዚህ እየሳቅሁ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን አልቻልኩም። ለሠርጋችን ከአገር ቤት የመጡት የሲራክ እናት በጎሪጥ ያዩኝ ጀመር። ያንን ዱላ ከመጥረጊያ እንጨት በገዛ እጁ የሠራልን ሲራክ ራሱ፣ ትናንት ኮል አድርጎ "ሔርሚ፣ ቀለበቱን ስትቀበዪ ግን ለምን ያን ያህል ደስ አለሽ?" አለኝ። አባቶቼ፣ ሠርጉ ይቅር፤ ሲራክን እየወሰዳችሁብኝ ነው። እባካችሁ!

በእናንተ ዘንድ ባለትዳር፣ በእግዚአብሔርና በኦሃዮ ሕግ ፊት ግን ገና ያላገባች፣
ታዛዥ ልጃችሁ ሔርሞን

ማሳሰቢያ፦ የመድረኩ ባሌ ጉሮሮውን ስላመመው ዓርብ ዕለት ተተኪው ያገባኛል፤ እትዬ ስመኝ ፌስቡካቸውን ከወዲሁ ይክፈቱ። በዚህ ኦፔራ ውስጥ ሠርጉን የሚያግዱ ሦስት ሽማግሌዎችም አሉ፤ ገና ብቅ ሲሉ ነው ሰው የሚስቀው። እነሱ ግን በመጨረሻ ተሳስተናል ይላሉ፤ ሠርጉም የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።